ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የጎረቤትህን ማንቆርቆሪያ ክፈት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሚያዝያ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ድሬዳዋ ዳር፣ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ፣ 400 ካሬ ሜትር ግቢ አግኝቷል። ሁለት የሎሚ ዛፍ አለው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ተራራው ከሩቅ ይታያል፣ ደላላውም ጥሩ ሰው ነው። ዶሮ አረባለሁ፣ ጓሮ አለማለሁ፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም ገበያ ቢወደድ ቤተሰቤ የሰው እጅ አያይም አለኝ። ሁሉንም በጸጥታ ሰምቼ ደላላው ጋ ስንደርስ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ቧንቧው ቢቆም፣ መብራቱ ቢጠፋ፣ ቀፊራ ገበያ ቢዘጋ፣ አምስታችሁ እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ቀን ትቆያላችሁ? ዝም አለ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ያን ቁጥር እንዴት እንደምታወጣው የሚያሳይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በምሥራቁ ቆላ የጉድጓድ ፓምፕ ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የማውቀው ውሃን ስለሆነ ስለ ውሃ አበዛለሁ። አንተ እያልኩ መጻፌም በንቀት አይደለም። የድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለቱ የታወቀ ነው።

መጀመሪያ የምትሄድበትን ጊዜ ምረጥ። ደላላ ደረቅ አገርን የሚያሳይህ መስከረም ላይ ነው፤ ያኔ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ፍየሉም ወፍሯል። አንተ ግን ግንቦት ሲገባደድ ወይም ሰኔ ላይ ሂድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግቢው መሀል ቁም። ጥላ የምታገኝበት ቦታ ካጣህ ዶሮህም አታገኝም። ከተቻለ አንድ ሌሊት እዚያው እደር። የቆርቆሮ ጣሪያ የዋጠውን ሙቀት መቼ እንደሚለቅ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ቧንቧው በስንት ሰዓት እንደሚንጠባጠብ የምታውቀው ሌሊት ነው። የእህቴን ልጅ አሁን አትምጣ፣ ግንቦት ይገባደድ አልኩት። ቅር እያለው ጠበቀ።

ሲመጣ ይዤው የሄድኩት አንድ አካፋ፣ አንድ ክዳን ያለው የጃም ጠርሙስ፣ ረጅም ገመድ፣ ሜትር፣ ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካንና ከኪስ የማይበልጥ የቲዲኤስ መለኪያ (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን የሚያነብ) ነበር። ገንዘብ የተከፈለበት መለኪያው ብቻ ነው።

ድሬ ላይ ከጥማት በፊት የሚታየው ጎርፍ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። ከተማዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከበስተደቡቧ የደንገጎ ተራራ ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዝናቡ እዚያ ላይ ይወርዳል፣ ውሃው እዚህ ይደርሳል። አንተ ጋ ሰማዩ ኮከብ ሞልቶት ሳለ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የነበረ ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 1998 ማለቂያ ላይ ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አብዛኛው ሰው ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ቦታ ስታይ መጀመሪያ ወደ ተራራው ዙር፣ ከዚያ ውሃው በየት በኩል ወደ አንተ ሊመጣ እንደሚችል በእግርህ ተከተል። ፈፋ ካለ ግማሽ ሰዓት ወደ ላይ ሂድበት። ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ከግቢዬ ጎን ያለችውን አንድ እርምጃ የማትሞላ ፈፋ በብሎኬት አጥር ዘግቼ ሁለት ክረምት ተኩራራሁ፤ በሦስተኛው አጥሩን ከነመሠረቱ ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ አገኘሁት። ጎረቤቴም የሰበሰበውን ብሎኬት አልመለሰልኝም፤ ልክ ነበረ።

የእህቴ ልጅ ያገኘው ግቢ ሜዳ ነው፤ ፈፋም አይታይም። አካፋውን ሰደድኩ። ክንድ ያህል ሳልወርድ ድንጋይ ወጣ፣ ክብ፣ ልክ እንደ እንቁላል የለሰለሰ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ከተራራ ተፈልጦ የወደቀ አይደለም፤ ውሃ ሲያንከባልለው የኖረ ነው። ጉድጓዱን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ግድግዳውን በውሃ አጠብኩት። አሸዋ፣ ቀጥሎ ደለል፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ እንደገና አሸዋ፤ እንደ አነባበሮ ተደራርቧል። ከዚያ ወደ ጎረቤት የእሾህ አጥር ሄደን ተንበረከክን። ከጉልበት ከፍ ብሎ ደረቅ ሣር፣ የፌስታል ቁራጭና የጫት ገራባ በአንድ መስመር ተሰክተው ይታያሉ። ነፋስ ቆሻሻን በአንድ መስመር አይደረድርም። የእህቴ ልጅ ነገሩ ገብቶት ሎሚዎቹን ዞር ብሎ ማየት ጀመረ።

ከዚህ በኋላ አሮጊት ፈልግ። ወጣቱ የሚያውቀው ትናንትን ነው፣ ደላላው የሚያውቀው ነገን ነው። የጎረቤቱ ባለቤት እናት ደጅ ላይ ማሽላ ያበጥራሉ። ጎርፍ መጥቶ ያውቃል ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ ሰው ሰፈሩን ማማት አይወድም። እኔ «በክረምት ዱቄትዎን የት ያስቀምጣሉ?» አልኳቸው። «ቆጥ ላይ ነዋ» አሉ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያዩኝ። መልሱን አገኘን ማለት ነው።

እኚሁ እናት ሻይ ሊያፈሉልን ማንቆርቆሪያ አወጡ፤ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁ። ነጭ ቅርፊት እንደ እንቁላል ልጣጭ ወፍሮ ተለጥፎበታል። የድሬ ውሃ ኖራ እንደሚበዛበት አገር ያውቃል፣ ቅርፊቱ ብቻውን አያስፈራም፤ ማሞቂያህንና ፓምፕህን ቶሎ ይጨርስብሃል እንጂ አይገድልህም። የሚያሳስበው ጨው ነው። ከጉድጓዳቸው ቀድቼ መለኪያዬን ነከርኩ። ለአትክልት ውሃ ቲዲኤሱ በሊትር ከ450 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ያለ ሐሳብ አጠጣ። ከዚያ እስከ 2000 ባለው መሀል የምትተክለውን እየመረጥክ፣ አፈሩ ታች እንዲታጠብ አልፎ አልፎ አብዝተህ እያጠጣህ ትኖራለህ። ከ2000 ካለፈ ጓሮህን እርሳው። ፎሶሊያ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ጨው ፈሪ ናቸው፤ ተምር ግን ይችለዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት የራሴን ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ ውሃውን ሳልለካ ስድስት ሎሚ ተክዬ፣ ቅጠላቸው ከጫፍ እየተቃጠለ በሁለት ዓመት ሲደርቁ ካየሁ በኋላ ነው። ፓምፕ ጠጋኝ ሆኜ!

ለመጠጥ ግን መለኪያው አይበቃም። ዳር ከተማ ላይ ሰው ጉድጓድና ሽንት ቤት አጠጋግቶ ይቆፍራል። ከሽንት ቤት የሚሰርገው ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም፣ ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው። ብታፈላው አይጠፋም፤ ውሃው ተንኖ ሲያንስ እንዲያውም ይበዛል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። አንድ ጠርሙስ ላቦራቶሪ ወስደህ አስመርምር፤ ለደላላው ከምትከፍለው ጋር ሲተያይ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም።

የጉድጓዱን ጥልቀት በገመድ ለካ፤ ድንጋይ አስረህ ውሃውን ሲነካ ስማ። ከሰባት ሜትር በታች ከሆነ ላይ ተቀምጦ የሚስብ ርካሽ ፓምፕ አይደርስልህም፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ያስፈልግሃል፤ እሱ ደግሞ መብራት ወይም ሶላር ይፈልጋል። ሶላር ድሬ ላይ ፀሐይ አያጣም፤ አቧራውን ካልጠረግህለት ግን ጉልበቱ ይደክማል፣ ሙቀትም ጉልበቱን ይቀንስበታል። ባለ ገመዱ ባልዲ መቼም አይበላሽምና አታስወግደው።

እግረ መንገዴን፣ ቦታህ ድሬ ሳይሆን በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ መተሐራ፣ ወንጂ፣ ዝዋይ አካባቢ ከሆነ ማንቆርቆሪያውን ትተህ እዚያ የተወለዱ ልጆችን ፈገግታ እይ። ጥርሳቸው ቡናማ ዝንጉርጉር ከሆነ ውሃው ፍሎራይድ በዝቶበታል። በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው የመጠጥ ገደቡ። ከዚያ በጣም አልፎ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትም ይጎዳል፤ ይህንንም ማፍላት አያነሳውም። መተሐራ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ጨዋማው በሰቃ ሐይቅ ከ40 በላይ ሆኖ መሬት እየዋጠ ሄዷል፤ በፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢም በ2017 ምድሩ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ብዙ ሺህ ሰው አስለቅቋል። እዚያ መኖር አይቻልም አላልኩም። ሰው ይኖራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለአንድ ሰው በቀን ሃያ ሊትር ያዝ፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለመታጠብ። አምስት ሰው መቶ ሊትር ነው። ሃያ ካሬ ሜትር የጎመንና የቲማቲም መደብ በደረቁ ወቅት በቀን መቶ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ማለትም አንዲት ትንሽ መደብ ከመላው ቤተሰብህ እኩል ትጠጣለች። ጓሮ አለማለሁ የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፎ በር ላይ ይለጥፈው። ልብስ የታጠበበትን ውሃ ለፓፓያና ለሙዝ አዙር፣ ቅጠላ ቅጠሉን በጥላ ሥር ትከል፣ አፈሩን በገለባ ሸፍን። በድሬ ፀሐይ ያልተሸፈነ አፈር ላይ ያፈሰስከው ውሃ እኩሉ ለሰማይ ነው።

ከዚያ ጣሪያህን ለካ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ድሬ በዓመት በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ታገኛለች። አሥር በስድስት የሆነ ቤት 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው፣ 36,000 ሊትር ይወርድበታል፤ የሚረጨውንና የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ስትቀንስ 28,000 ያህል ይቀርልሃል። በቀን መቶ ሊትር ሲታሰብ 280 ቀን ነው፤ ለዓመቱ ሊበቃ የተቃረበ ይመስላል። ዝናቡ ግን ዓመቱን ሙሉ አይመጣም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትንሽ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዋናው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን አምስት ወር በማጠራቀሚያ ለመሻገር 15,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 5,000 ሮቶ ሦስት ያስፈልግሃል። በልጉ ከቀረ ደግሞ (ይቀራል) እስከ ሰኔ ትሄዳለህ፤ ያኔ ሦስቱም አይበቁም። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ሳይ እስካሁን ያናድደኛል፣ ውሃውን ከጣሪያ ወርውሮ መልሶ ከቦቴ የሚገዛ ሰው!

ማጠራቀም ሲባል አንድ ነገር አለ፤ ስለ ዝግጁነት የሚያወሩ ሰዎች ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም። በ2011 ክረምት ድሬ ቺኩንጉንያ ገባ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። እኔም ሁለት ሳምንት ከአልጋ ወርጄ ጫማዬን ማጥለቅ አልቻልኩም፤ ጣቶቼ እንደ ዝንጅብል ቆልምመው ቀሩ። ከዚያ ቀደም ደንጊ መጥቶ ነበር፣ በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ ተነሣ። ሁሉንም የሚያስተላልፉት ትንኞች ንጹሕ የቆመ ውሃ ይወዳሉ፤ አዲሷ የወባ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፣ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። የኔን በሽታ ያሳደገው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ለክፉ ቀን ብዬ ክፍት የተውኩት በርሜል ሳይሆን አይቀርም። ክዳኑን አንሥቼ ሳይሆን ክዳን ስለሌለው ብቻ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እጮቹ እንደ ነጠላ ሰረዝ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። ስለዚህ ማንኛውም ማጠራቀሚያ ግጥም ያለ ክዳን፣ መግቢያውና የትርፍ ውሃ መውጫው ላይ ደግሞ የትንኝ ወንፊት ይኑረው። በርሜል ከሆነ በየሳምንቱ ባዶ አድርገህ ጎኑን በብሩሽ ፈትገው፤ ዕንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ውሃ መድፋት ብቻ አያነሳውም። የምታየው ቦታ አካባቢ ስንት ክፍት በርሜል እንዳለም ቁጠር፤ ትንኝ አጥር አታውቅም።

ወደ አፈሩ። ሌላ ጉድጓድ አንድ ስንዝር ተኩል ቆፍረህ በውሃ ሙላ፣ ሲሰርግ እንደገና ሙላና ሰዓት ያዝ። በደቂቃዎች ከጠፋ አሸዋ ነው፤ ብዙ ፍግ ይፈልጋል። እስከ ማግስቱ ከቆመ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ጨውም ይከማቻል። ከአፈሩ እፍኝ ጠርሙሱ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጠህ አስቀምጥ፤ አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው በማግስቱ። ጠዋት ጠዋት መሬቱ ላይ ነጭ አመዳይ የመሰለ ካየህ ጨው ነው። ዛፎቹም ይናገራሉ፦ ትልቅ ሁመር ወይም ሾላ ግንቦት ላይ ለምልሞ ከቆመ ሥሩ ውሃ አግኝቷል። ፕሮሶፒስ የሚሉት ከውጭ የገባው እሾሃማ ዛፍ ግን አያሞኝህ፤ የሱ ሥር የትም ድረስ ወርዶ ይጠጣል፣ ደግሞም አንዴ ከገባ አጥርህንም ግጦሽህንም ይወርሳል። ለጥላ ኒም ትከል፣ ለወጥ ሽፈራው።

ለእንስሳ ፍየል ቀዳሚ ናት፤ ዶሮ ሙቀቱ ሲበረታ አፏን ከፍታ ትውላለች፣ ዕንቁላሏም ይቀንሳል። ቤቱን ስትሠራ ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙር፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ጎን አጭር ይሁን። እህሉን በተመለከተ ከሐረርጌ ገበሬ ተማር፤ ማሽላውን አንገቱ በጠበበ ጉድጓድ ቀብሮ አየር ይነሳዋል፣ ነቀዝም ታፍኖ ይሞታል። ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ ላይ ግን ጉድጓድ አይሆንም፤ አየር የማያስገባ ባለ ሽፋን ከረጢት ገዝተህ ቆጥ ላይ አድርግ።

የወረቀቱን ነገር ለመጨረሻ የተውኩት ስለማይጠቅም አይደለም፣ አጭር ስለሆነ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ካርታ ያለውን ቤት ትገዛለህ፤ ከአርሶ አደር ላይ ሦስት ምስክር አስፈርመህ የያዝከው «ውል» ግን አንድ ቀን ጠዋት ዶዘር ሲመጣ ወረቀት ነው። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ካርታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደህ ፋይሉን በዓይንህ እይ፤ የፈፋውም ዳር በፕላን ተከልሎ እንደሆነ በዚያው ጠይቅ።

ለሎሚው ግቢ የወጣው ቁጥር ዘጠኝ ቀን ነበር፤ አንድ አሮጌ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አለው፣ ከጉድጓዱ የተቀዳው ውሃ 2,300 ስላነበበ አልቆጠርኩትም፣ ሮቶው ቢሞላ እንኳ መቶ ሊትሩ እየተቀነሰ በአሥረኛው ቀን አልቋል፣ አንዱን ቀን ለእንግዳ ያዝኩለት። የእህቴ ልጅ ተከራከረኝ፣ ሎሚው አሳዝኖታል። በሐምሌ ወደ ተራራው ጠጋ ያለ፣ ከፍ ያለ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ድንጋዩ ሹል የሆነ 300 ካሬ ሜትር ካርታ ያለው ቤት ገዛ፣ ዋጋውም በለጠ። እስካሁን ሁለት ባለ 5,000 ሮቶ አቁሟል፣ አሸንዳም ገጥሟል፤ ቁጥሩ መቶ ቀን ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ፍየል መቼ ልግዛ አለኝ። የትርፍ ውሃ መውጫው ላይ ወንፊት አስረሃል ወይ አልኩት። ዝም አለ።